ቢጫውን ማን ቀባው?

ስሜን አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ አሁንም እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ እዚሁ የአኒሜሽን ሰፈር ውስጥ ነው። ሹክ የምላችሁ ነገር ምስጢር አይደለም። በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ምሳ ላይ ያወራዋል፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ይውጠዋል። መጤ የከፈተው ስቱዲዮ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ርካሽ ስለሆነ ነው። ጉብዝናው የሚታየው በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ውሉ ከተፈረመ ቆይቷል።

“ዘ ሲምፕሰንስ” የተባለውን የቴሌቪዥን የሥዕል ፊልም እንውሰድ። ገጸ ባሕርያቱን የፈጠራቸው ማት ግሬኒንግ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ቆዳቸውን ቢጫ ያደረገው ግን እሱ አይደለም። ሥራውን በኮንትራት በወሰደው ስቱዲዮ ውስጥ የቀለም ባለሙያ የነበረች ጆርጂ ፔሉስ የምትባል ሴት ናት። ባርትና ሊሳን ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ፀጉራቸውን ከግንባራቸው የሚለይ መስመር የለም። የሰው ቆዳ በሚመስል ቀለም ቢቀቡ አናታቸው ላይ ያለው ሾጣጣ ነገር ፀጉር ይሁን ሥጋ አይለይም ነበር። ቢጫ ሲሆን ለሁለቱም ያስኬዳል። የማርጅ ሰማያዊ ፀጉርም የወጣው ከዚያው የቀለም ጠረጴዛ ነው። ዛሬ ያ ቢጫ በየአገሩ በካናቴራና በኩባያ ላይ ይሸጣል። የቀባው ስቱዲዮ ንብረት ግን ለአንድ ቀንም ሆኖ አያውቅም።

ስቱዲዮው ክላስኪ ቹፖ ይባላል። ጋቦር ቹፖ በ1952 ቡዳፔስት ውስጥ የተወለደ ሃንጋሪያዊ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሙያውን የቀሰመው ፓኖኒያ በሚባለው የመንግሥት ፊልም ስቱዲዮ ነው። የዚያ ዘመን የምሥራቅ አውሮፓ ስቱዲዮዎች ሳንሱር ነበረባቸው፤ አሻንጉሊት ሻጭ ግን አልነበረባቸውም። ስለዚህ ሠዓሊዎቻቸው ገጸ ባሕርይ ሲስሉ “ይሄ ለሕፃናት ያምራል ወይ?” ብለው አይጨነቁም። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይጋጫል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነው።

ቹፖ በ1975 በጨለማ የባቡር ዋሻ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሩ ተጉዞ ኦስትሪያ ገባ። ከዚያ ወደ ስዊድን አለፈ። ስቶክሆልም ውስጥ አርሊን ክላስኪ የምትባል አሜሪካዊት የግራፊክ ባለሙያ አገኘ፤ ተያይዘው ሎስ አንጀለስ መጡ። ቹፖ ሃና ባርቤራ በሚባል የአኒሜሽን ስቱዲዮ ጥቂት ከሠራ በኋላ፣ በ1982 ሁለቱ በሚኖሩበት አፓርታማ ትርፍ መኝታ ክፍል ውስጥ የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ።

የሰው አገር ሰው ይህን የመኝታ ክፍል ታሪክ ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ከ1982 እስከ 1987 ምን በሉ? ስለነዚያ ዓመታት የሚጠይቅ የለም። መልሱም አያኮራም፤ የድርጅት አርማ እያንቀሳቀሱ፣ የፊልም ማስተዋወቂያ እየሠሩ፣ የሌላውን ሰው ስም በስክሪን ላይ እያሽከረከሩ ነው የበሉት። በእኛ ሙያ የነፍስ ሥራና የእንጀራ ሥራ አለ፤ የእንጀራው ሥራ በማስታወቂያ ፊልሙ ላይ ስምህን አይጽፍልህም። እኔ የማውቃቸው፣ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ሸሽተው በአንድ ጊዜ ወደ ነፍስ ሥራ የዘለሉ ሁሉ በሁለተኛው ዓመት ኮምፒውተራቸውን ሸጠዋል።

በ1987 “ዘ ትሬሲ ኡልማን ሾው” የተባለ የቴሌቪዥን ትርዒት በየመሃሉ የሚገቡ አጫጭር የሥዕል ፊልሞች ፈለገ፤ የመጀመሪያዎቹ ሲምፕሰንሶች እነሱ ናቸው። በጀቱ ጠባብ ነበር፤ ክላስኪ ቹፖ ከሌሎቹ ባነሰ ዋጋ ወሰደው። በሰፈሩ የሚወራው፣ በዚያው ዋጋ ላይ ቀለሙን እንደ ምራቂ ጨመሩበት እየተባለ ነው። ግሬኒንግ የላከው በችኮላ የተሞነጫጨረ ንድፍ ነበር፤ ሠዓሊዎቹ ያጠሩታል ብሎ ነው። ሠዓሊዎቹ ጊዜ ስላልነበራቸው በላዩ ላይ ደገሙበት። የዘመኑ ዝነኛ መስመር የተወለደው እንዲህ ነው፤ ከድካምና ከጠባብ ቀነ ገደብ።

ሲምፕሰንስ በ1989 የራሱ የግማሽ ሰዓት ትርዒት ሲሆን ነው ጉዱ የመጣው። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ከማስታወቂያ የተረፈው ፊልም ወደ 22 ደቂቃ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ይሄዳል፤ በቴሌቪዥን ግን አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እናቆየዋለን፤ ስለዚህ በሴኮንድ 12 ሥዕል። ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀስ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ቢኖር እንኳ ለአንድ ክፍል 15,840 ሥዕል ማለት ነው። አምስት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚጨቃጨቅበት ቤተሰብ ሲሆን እናንተው አስቡት። ያንን በሆሊውድ ደመወዝ የሚስል የለም። ስቶሪቦርዱ፣ ሌይአውቱ፣ የገጸ ባሕርያቱ ሞዴልና የትወናው መመሪያ እዚህ ይሠራል፤ በመካከል ያሉት ሥዕሎችና ቀለም ቅቡ ወደ ሴኡል ይላካል። የተላከውም ኤኮም ወደሚባል ስቱዲዮ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የኤኮም ባለቤት ኔልሰን ሺን ራሱ ወደ አሜሪካ የመጣ ኮሪያዊ ነው። በ1977 በወጣው በመጀመሪያው “ስታር ዋርስ” ውስጥ ያን የሚያበራ የብርሃን ሰይፍ በእጁ ያንቀሳቀሰ ሰው ነው። በ1985 ኤኮምን ከፈተና ሥራውን ወደ አገሩ ወሰደው። እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱ፦ የአሜሪካው ድርጅት ርካሽ ብሎ ሃንጋሪያዊውን ቀጠረ፤ ሃንጋሪያዊው ርካሽ ብሎ ኮሪያዊውን ቀጠረ። “የአሜሪካ ቤተሰብ” የምንለው ትርዒት የተሳለው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ከኮሪያ ሲመለስ አዳራሹ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። የሚታጠፈው ሰውነት፣ የሚወዛወዘው በር፣ ሁሉም ነገር ጎማ መስሎ መጣ። አዘጋጆቹ አብዛኛው እንደገና ይሠራ አሉ። ትርዒቱ በመከር ሊጀምር የታሰበው ወደ ታኅሣሥ 17 ቀን 1989 ተገፋና በገና ክፍል ተከፈተ፤ ያ የተበላሸው ክፍል ተጠግኖ የታየው በሚቀጥለው ግንቦት ነው። በሙያችን ይህ ሪቴክ ይባላል። ለሪቴክ ማን ይከፍላል የሚለው አንቀጽ በውሉ ውስጥ ከሁሉ የደረቀው፣ ማንም የማያነበው አንቀጽ ነው። እኔ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ በዚያች አንቀጽ ብቻ ስትዘጋ ዓይኔ አይቷል። ደንበኛው “ገጸ ባሕርይዋ ትንሽ ደስ ያላት ትምሰል” እያለ ሦስት ጊዜ መለሰው፤ የውሉ ቃል “ደንበኛው እስኪረካ ድረስ” ይል ነበርና ሦስቱንም ጊዜ የከፈለችው ስቱዲዮዋ ናት።

ወደ ቹፖ ልመለስ። በ1992 የሲምፕሰንስ አዘጋጅ ድርጅት ግሬሲ ፊልምስ ሥራውን ከክላስኪ ቹፖ ወስዶ ፊልም ሮማን ለሚባል ስቱዲዮ ሰጠው። በወቅቱ ቹፖ ለጋዜጣ የተናገረው፣ ደንበኞቹ የራሳቸውን ፕሮዲውሰር ስቱዲዮው ውስጥ ለማስገባት ጠይቀው እምቢ እንዳላቸው ነው። በገዛ ቤቴ ሌላ አዛዥ አይገባም አለ። እምቢታው የሚያኮራ ነው፤ ውጤቱ ግን በርካታ ሠራተኞች ከሥራ መቀነሳቸው ነበር። ዋናዎቹ ሠዓሊዎችም ትርዒቱን ተከትለው ሄዱ። ስቱዲዮው አምስት ዓመት ያሳደገው ነገር በአንድ ደብዳቤ ወጣ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም የእሱ አልነበረም። የእኛ ሰው “በሰው ወርቅ አይደምቁ” የሚለው ለሠርግ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ስቱዲዮ በዚህ ዓይነት ቀን ይሞታል። ክላስኪ ቹፖን ያተረፈው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት የተከለው ሌላ ዛፍ ነው። አርሊን ክላስኪ ትንንሽ ወንዶች ልጆቿን እያየች “ሕፃናት መናገር ቢችሉ ምን ይሉ ነበር?” የሚለውን ሐሳብ አነሣች፤ እሷ፣ ቹፖና ፖል ጀርሜይን “ራግራትስ”ን ፈጠሩ። ነሐሴ 11 ቀን 1991 ኒክሎዲየን በሚባለው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ከ“ዳግ” እና ከ“ሬንና ስቲምፒ” ጋር በአንድ ቀን ተጀመረ። ሕፃናቱ አያምሩም። ራሳቸው ትልቅ፣ እግራቸው ቀጭን፣ መስመራቸው የተንቀጠቀጠ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ የቡዳፔስት እጅ ይኸውና። ማንኛውም የአሜሪካ አሻንጉሊት ሻጭ አስቀያሚ ናቸው ይል የነበረው መልክ ከመቶ መልክ መካከል የሚለይ መልክ ሆነ።

ትልቁን ሹክሹክታ ግን አሁን ነው የምነግራችሁ። ከራግራትስ በሚመጣው ገንዘብ ስቱዲዮው ጓዳ ውስጥ ማንም ያላዘዘው ሥራ ይሠራ ነበር። ኢጎር ኮቫልዮቭ የሚባል በኪየቭ የተወለደ፣ ሞስኮ ውስጥ ፓይለት የተባለውን የግል ስቱዲዮ ከመሠረቱት አንዱ የሆነ ዳይሬክተር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ክላስኪ ቹፖ መጣ። ቀን ቀን የሕፃናቱን ፊልም ይመራል። በጎን ደግሞ የራሱን ጨለማ፣ ጸጥ ያለ፣ ለአዋቂ እንኳ በአንድ ዕይታ የማይገባ አጭር ፊልም ይሠራል፤ ወጪውን ስቱዲዮው ይችለዋል። “በርድ ኢን ዘ ዊንዶው” በ1996፣ “ፍላይንግ ናንሰን” በ2000፣ “ሚልኽ” በ2005 ወጡ። ከነዚህ ፊልሞች ሳንቲም አልተጠበቀም። ለእኔ ቹፖን ከተራ ነጋዴ የሚለየው የመኝታ ክፍሉ ታሪክ ሳይሆን ይኼ ነው፤ የእንጀራ ሥራው የሌላ ስደተኛን የነፍስ ሥራ እንዲያበላ አደረገ። በሆሊውድ ሰንሰት ጎዳና ላይ፣ በልጆች ትርዒት ትርፍ፣ የምሥራቅ አውሮፓ የጥበብ ፊልም መሠራቱን ብዙ ሰው አያውቅም።

ኮቫልዮቭ ከኖርተን ቨርጂን ጋር የመራው “ዘ ራግራትስ ሙቪ” በኅዳር 1998 ወጣ። ከዲዝኒ ውጭ የተሠራ የአኒሜሽን ፊልም በሰሜን አሜሪካ ሲኒማዎች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ የመጀመሪያው ነበር። ትርዒቱ እስከ 2004 ዘልቆ 172 ክፍል ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የራግራትስ ባለቤት ኒክሎዲየን ነበር። ፈጣሪዎቹ ስማቸው አለ፣ ክፍያቸው አለ፤ ቁልፉ ግን ጣቢያው ኪስ ውስጥ ነው። በ1994 65 ክፍል ሞላ ተብሎ ምርቱ ቆሞ ነበር፤ ጣቢያው የቆየውን እየደጋገመ ሲያሳይ ተመልካቹ ከአዲሱ ጊዜ ይልቅ በዛ፣ ከዚያም እንደገና ቀጥሉ ተባለ። ማቆምም ማስቀጠልም የሌላ ሰው ሥልጣን ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ሠዓሊው የቤት ኪራዩን ከየት እንደሚከፍል ግን የሚጠይቅ የለም።

ነገሩ የቹፖ ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእሱ በፊት ሌላ የቡዳፔስት ልጅ ነበር፤ ጆን ሃላስ። በ1936 ለንደን ገባ፣ በ1940 ከእንግሊዛዊቷ ጆይ ባችለር ጋር ስቱዲዮ ከፈተ። ጦርነት ስለነበር የበሉት ከእንግሊዝ መንግሥት የማስታወቂያ ሚኒስቴር በሚመጣ የቅስቀሳ ፊልም ነው። በ1951 ሉዊ ደ ሮሽሞን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር የጆርጅ ኦርዌልን “አኒማል ፋርም” ሥሩልኝ ብሎ መጣ። ለእንግሊዝ ተሰጠ፤ አንዱ ምክንያት እንደተለመደው ዋጋው ነው። በሥራው ላይ አስተያየት በአስተያየት ይመጣ ጀመር፤ መጨረሻው ይቀየር ተባለ። በመጽሐፉ ውስጥ እንስሳቱ በመስኮት ያያሉ፣ አሳማውንና ሰውን መለየት ያቅታቸዋል፣ በቃ። በፊልሙ ግን እንስሳቱ በአሳማዎቹ ላይ ይነሣሉ። ፊልሙ በ1954 ወጣ፤ ለሲኒማ የቀረበ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ረጅም አኒሜሽን ተባለ። ገንዘቡ ከአሜሪካው የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ የመጣ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሃላስና ባችለር ያውቁ ነበር የሚል ማስረጃ የለም። እኔ ግን ከደንበኛ የሚመጣ አስተያየት ባነበብኩ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል፤ ከኢሜይሉ ጀርባ ማን እንደተቀመጠ መቼ ታውቃለህ?

ሪቻርድ ዊልያምስንም ሳልጠቅስ አላልፍም፣ በአጭሩም ቢሆን። ከቶሮንቶ ወደ ለንደን የመጣ ካናዳዊ ነው፤ ሶሆ ስኩዌር ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ በማስታወቂያ ሥራ ያገኘውን ሁሉ “ዘ ቲፍ ኤንድ ዘ ኮብለር” በተባለ አንድ ፊልም ላይ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አፈሰሰ። በራሱ ገንዘብ ሲሠራ ማንም ሊነካው አልቻለም። “ሮጀር ራቢት” የተባለው ፊልም በ1988 ዝነኛ ሲያደርገው ግን ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ተዋዋለ፤ ትልቅ ገንዘብ ሲገባ ደግሞ ፊልሙ በጊዜው እንደሚያልቅ ዋስ የሚሆን ኩባንያ አብሮ ይገባል። ጊዜው አለፈ። በግንቦት 1992 ዋሱ ፊልሙን ከእጁ ወስዶ በሌላ ሰው አስጨረሰው። ቹፖ ሲምፕሰንስን ባጣበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። የ“ሬንና ስቲምፒ” ፈጣሪ ጆን ክሪክፋሉሲም ከገዛ ትርዒቱ የተባረረው በዚያው ዓመት በመስከረም ነው፤ እሱም ካናዳዊ ስደተኛ ነው። 1992ን በሙያችን ለምን በሹክሹክታ እንደምናነሣው ገባችሁ?

የአሜሪካን ሕግ በተመለከተ አንድ ነገር እወቁልኝ። በ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት አንድ ሥራ “ለቀጣሪ የተሠራ” ከሆነ ቀጣሪው ገዥ ብቻ አይደለም፤ በሕግ ዓይን ደራሲው ራሱ ቀጣሪው ነው። እጁ የሳለው ሰው በወረቀት ላይ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከ2002 ወዲህ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር፣ ቡና ይዘን የምንሰበሰብ ጥቂት የሙያው ሰዎች አለን። የእኛ ልጆች ይመጣሉ፤ ከአንዱ የጌም ድርጅት የወጣ፣ ከኮሌጅ የተመረቀች፣ ሌሊት ኡበር እየነዳ ቀን ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር የሚሠራ። በቅርቡ አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራውን አሳየኝ፤ እውነት ለመናገር ከእኔ ይበልጣል።

“ጋሼ፣ ሥራው አለኝ፣ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆችም አሉ። ስቱዲዮ ለመክፈት ምን ይጎድለኛል?”

“ጠበቃ” አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የልጅነት ጓደኞቹን ይዞ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አርማውና ስለ ወንበሩ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ግን በደረጃ ነው፦ ስቶሪቦርድ ሲጸድቅ ጥቂት፣ አኒማቲክ ሲጸድቅ ጥቂት፣ ቀለም ሲያልቅ ጥቂት፣ የመጨረሻው ፋይል ሲረከቡ ቀሪው። “ሲጸድቅ” የሚለውን አድምጡ፤ የሚያጸድቀው ሰው እረፍት ላይ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛ ግን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይከፈለዋል። ትንሽ ስቱዲዮ የሚሞተው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ሥራ ሞልቶለት በነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው፤ ዕጣው ሳይደርሰው ዕቁብ ሲጥል ኖሮ እጁ እንዳጠረው ሰው። ትልልቆቹ ደንበኞች ከደረሰኝ በኋላ 60 እና 90 ቀን ይጠይቃሉ፤ ትሰጣለህ፣ ምክንያቱም አዲስ ነህ። ልምድ ያለው ሠዓሊ ልቅጠር ስትል ደግሞ ቡርባንክ ያለው የሠራተኛ ማኅበር፣ ሎካል 839፣ የሚያስጠብቀውን የጤና መድን ትቶ አይመጣልህም።

ለልጁ የነገርኩት ሌላም ነገር ነበር። ለእንጀራ የሚሠራውን ሥራ ሽጥ፤ ሙሉ በሙሉ ሽጥ፣ አታልቅስ። በዚያው ላይ አንዲት የአምስት ደቂቃ ነገር የራስህ ትሁን፤ የገጸ ባሕርይዋን ሥዕል በስምህ አስመዝግብ፣ ለማንም በነጻ ናሙና አትላክ። ሰው ሊገዛት ሲመጣ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ሁለተኛው ዙር ሲሠራ ቅድሚያ የማን ነው? ከአሻንጉሊቱና ከካናቴራው ለእኔ ምን ይደርሳል? በተወሰነ ዓመት ውስጥ ካልሠራችሁት ወደ እኔ ይመለሳል ወይ? ሦስተኛውን አብዛኛው ደንበኛ እምቢ ይላል። አንዳንዱ ግን ጠበቃ አብሮህ ሲያይ እሺ ይላል፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

በ2021 ራግራትስ እንደገና ተሠራ፤ በዚህ ጊዜ በኮምፒውተር ሦስት ገጽታ። ክላስኪ፣ ቹፖና ጀርሜይን በዋና አዘጋጅነት ስማቸው ገብቷል፤ ሕፃናቱን ያንቀሳቀሰው ግን ክላስኪ ቹፖ ሳይሆን ሌላ ስቱዲዮ ነው። የተንቀጠቀጠው መስመር ጠፍቷል። ልጁ ይህን ስነግረው ላፕቶፑን ዘጋና ጥሩ የቅጂ መብት ጠበቃ በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀኝ።